«አምስት ሰከንድ ምን ይሠራል?» ላሉኝ ሁሉ

«አንተ ደግሞ የጌም ጠበቃ ሆንክ አሉ» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ሐዋሳ ፒያሳ በረንዳ ላይ ማኪያቶውን እያማሰለ።

«ጠበቃ የሚቆመው ለተከሰሰ ነው። ክስህን አሰማ!»

«ጌም ጊዜ ይበላል።»

«እኔ የምሟገትለት ጌም አንዱ ጨዋታ አምስት ሰከንድ ነው። አንተ ማማሰል ከጀመርክ ደቂቃ አልፎሃል።»

«አምስት ሰከንድ ደግሞ ምን ይሠራል?»

እዚህ ላይ ያዝኩት። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ እሱ ብቻ አይደለም። እናት ጠይቃኛለች፣ መምህር ጠይቆኛል፣ ባለ ጌም ቤት ጠይቆኛል፣ ባለ ባጃጅ ጠይቆኛል፣ ሥራ ያጣ ተመራቂ ጠይቆኛል። ለሁሉም መልስ አለኝ።

መጀመሪያ ጌሙን እንወቀው። «ዋሪዮዌር ትዊስትድ» ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2004 በአገሩ አወጣው፤ በ2005 አሜሪካ ገባ፤ አውሮፓ ውስጥ በይፋ ሳይሸጥ ቀረ። የሚጫወቱበት ጌም ቦይ አድቫንስ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ጨዋታው ሲጀምር አንድ አጭር ትእዛዝ ብልጭ ይልብሃል፤ ያዝ፣ ሽሽ፣ ቁረጥ የሚል ዓይነት። ከዚያ በላይ የሚያስረዳህ የለም። ዕቃውን ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታዞረዋለህ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገርም አብሮህ ይዞራል። ገባህም አልገባህም አምስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ያልፍና ሌላ ይመጣል። ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጨዋታዎች አሉት፤ በገፋህ ቁጥር ይፈጥናሉ። አራት ጊዜ ከሳትክ ተሸኘህ። እንዲህ ያለውን ጌም ከራሳችን ሕይወት ቀድተን፣ በስልካችን ላይ እንሥራ ነው የምለው።

«ይሄ የጃፓን ልጆች ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ወዳጄ አልለቀቀኝም።

«ተረብ እየተወራወርክ ያደግህ ሰው ነህ ይህን የምትጠይቀኝ? ተረበኛ ሲወረውርብህ ጊዜ ይሰጥሃል? መልሱን ቤት ገብተህ፣ ራትህን በልተህ፣ ጋደም ስትል ብታገኘው ማን ይስቅልሃል? እዚያው፣ አፉ ሳይዘጋ መመለስ አለብህ። ይሄ ጌም ለእጅ የተሠራ ተረብ ነው። ይወረውርብሃል፣ ትመልሳለህ፣ አለዚያ ተረታህ።»

ማኪያቶውን ጠጣ።

*

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስወርድ ዓሣ የሚሸጡ አንዲት እናት ጠብቀውኛል።

«ልጄ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚውለው። ጀርባው ሊጎብጥብኝ ነው።»

«እማማ፣ እሱን የያዘው ጌም አውራ ጣት ብቻ የሚያሠራ ነው። እኔ የምለው የእጅ አንጓና ክንድ የሚያሠራውን ነው።»

«አንጓና ክንድ የሚያሠራማ ይኸው አለልህ» ብለው አጠገባቸው ቢላ የያዘውን ወጣት አሳዩኝ።

እውነታቸውን ነው። ወጣቱ ቆሮሶውን እንጨቱ ላይ ያጋድመዋል። ቢላውን ከጭንቅላቱ ኋላ ያስገባና የጀርባ አጥንቱን ተከትሎ እስከ ጅራት ይስበዋል። አንጓውን ሲያዞር ዓሣው ይገለበጣል፤ ደግሞ ይስባል። ሥጋው ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይነሳል። አጥንቱ ወደ ሐይቁ ዳር ይወረወራል፤ አባ ኮዳ የተባለው ወፍ አንገቱን ዘርግቶ ይቀበለዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ወጣቱ የሚያየው ደንበኛውን ነው፤ ዋጋ እየተከራከረ ነው። ዳጣውንም ሌላ ሰው እንዲያቀርብ እያዘዘ ነው። ቢላው ግን አንድ ጊዜ እንኳን መንገድ አይስትም።

«ታዲያ ይሄን ስልክ ውስጥ ማስገባት ለምን አስፈለገ?» አሉኝ እማማ። «ከፈለጉ መጥተው አይሠሩም?»

«እንዲከበር ነው፣ እማማ። ልጅዎ በጌም ያየውን ሁሉ ትልቅ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። የማያውቀው ከተማ ውስጥ መኪና ሲያበር ይውላል፤ ስሙን መጥራት የማይችለው አገር ወታደር ሆኖ ይተኩሳል። ሐዋሳ ላይ ያለ እጅ ይህን ያህል ፈጣን መሆኑን ግን አንድም ጌም ነግሮት አያውቅም። ‹ቆሮሶውን አባ ኮዳ ሳይነጥቅህ በልተው!› የሚል አምስት ሰከንድ ቢመጣበት፣ ነገ እዚህ ሲመጣ ይህን ልጅ በሌላ ዓይን ያየዋል።»

«እኔንስ?»

«እርስዎንማ ከዚያ በፊት ሊያይዎት ይገባ ነበር።»

*

መምህሩ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ባህላዊ ጨዋታችንን ያጠፋው ይኸው ስልክ ነው» አሉኝ።

«መምህር፣ ከስልኩ በፊት የጠፋው ሜዳው ነው። ብይ የምንጫወትበት አፈር ግቢ ሆነ፤ ሱዚ የሚዘለልበት ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ይመላለሳል። ልጁ ወደ ስልኩ የሄደው ከሜዳው ከተባረረ በኋላ ነው።»

«ቢሆንም ስልክ ቅልልቦሽን ሊተካ አይችልም።»

«ይተካል አላልኩም። እንዲያውም ቅልልቦሽ ለሱ መምህር ይሆነዋል ነው የምለው።»

ነገሩን ላስረዳ፤ ይህን የምለው ለማስደሰት አይደለም። ቅልልቦሽ የምትጫወት ልጅ ስታገኙ ቆም ብላችሁ እጇን እዩ። አራት ጠጠር መሬት ላይ ተበትኗል፤ አምስተኛዋ እጇ ላይ ናት። ያቺን ወደ ላይ ትልካለች። ተመልሳ ሳትወድቅ አንዷን ከመሬት ለቅማ፣ የላከቻትን በዚያው እጅ መቅለብ አለባት። ግማሽ ሜትር ወደ ላይ የሄደች ጠጠር ወጥታ እስክትመለስ የሚፈጀው ጊዜ የሰከንድ ሁለት ሦስተኛ አይሞላም፤ ፊዚክስ የተማረ ያስላው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ዓይን ላይም ታችም ያያል፣ እጅ ይወርዳል፣ ጣት ይለቅማል፣ እጅ ይወጣል፣ መዳፍ ይከፈታል። አንድ በአንድ ለቅማ ስትጨርስ ሁለት ሁለት ይሆናል፤ ቀጥሎ ሦስትና አንድ፤ መጨረሻ ላይ አራቱንም በአንድ ማፈሻ። ልትለቅም ያልፈለገቻትን ጠጠር ጣቷ ከነካ ተራዋ አለፈ። ዳኛዋ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ተጋጣሚዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ምንም አያመልጣትም።

ደረጃ አለው። በየደረጃው ይከብዳል። ስህተት ይቆጠራል። ሰውነት ሳይንቀሳቀስ አይሆንም። ኒንቴንዶ ለዋሪዮዌር የፈለጋቸው ነገሮች በሙሉ ኮብልስቶን ላይ በአምስት ጠጠር ተሟልተው ተቀምጠዋል። ኒንቴንዶ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ላይ የጃፓን ባህላዊ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የጀመረ ድርጅት ነው። የአገሩን ጨዋታ ይዞ ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው።

«እና የእኛ ልጆች ቅልልቦሽን ስልክ ላይ ይጫወቱት?»

«መሬት ላይም ይጫወቱት፣ መምህር። ስልክ ላይ ሲያገኙት ግን ‹ይሄ የኔ ነው› ይላሉ። ያን ቃል ከአንድ ተማሪ አፍ ለመስማት እርስዎ ስንት ዓመት አስተማሩ?»

ዝም አሉ። መምህሩ ዝም ሲሉ ተረትቻለሁ ማለታቸው አይደለም፤ እያሰቡ ነው። ለዚህም ነው የማከብራቸው።

*

ባለ ጌም ቤቱ ግን አያስብም፤ ይመልሳል።

«ወንድሜ፣ እዚህ ሰው የሚፈልገው ኳስ ነው። ተሸናፊ ከፋይ! ሌላ ነገር አይሸጥም። ደግሞ የምትለው ዓይነት ዕቃ እኔ ቤት የለም።»

«አለ። እጅህ ላይ ነው።»

ጆይስቲኩን አየው።

የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲወጣ ጀምሮ፣ ውስጡ ማዘንበልንም መዞርንም የሚያውቅ መለኪያ አለው። ስንቱ ጌም ቤት በየቀኑ ሲጨበጥ ይውላል፤ ያ መለኪያ ግን ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ነው። ልጆቹ ደግሞ ሳይነገራቸው ፈልገውታል። ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታን ልጅ እዩት፤ ኳሷ ወደ ቀኝ እንድትሄድለት ጆይስቲኩን ከነክንዱ፣ ከነትከሻው ወደ ቀኝ ያጋድላል። ጌሙ አይሰማውም፤ ልጁ ግን ማጋደሉን አይተውም። ሰውነቱ መጫወት ይፈልጋል።

«አንድ ልጅ አምስት ሰከንድ ተጫውቶ ቢነሳ እኔ ምን እበላለሁ?»

«አምስት ሰከንዱ አንዱ ነው፤ የሚመጣው ተከታትሎ ነው። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው አይቆሙም፤ ጆይስቲኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ የሳተ ይወጣል፣ ያልሳተ ይቀጥላል። ሳቅ ያለበት ቤት ደንበኛ አያጣም።»

*

አሁን ወደ ባለ ባጃጁ። ይኼን ሳወራ ሆዴ ይቆጣል።

ከመናኸሪያ ወደ ሐይቅ ዳር እየወሰደኝ «ጌም ጌም ትላለህ አሉ። እኔን ጌም ነው ያከሰረኝ» አለኝ።

«የትኛው ጌም?»

«ቤቲንግ።»

«ቤቲንግን ጌም ያለህ ማነው?»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው።»

ሁሉም ተሳስቷል። ውርርድ ጨዋታ አይደለም። ጨዋታ ውስጥ የሚያሸንፈው ወይ እጅህ ነው፣ ወይ ዓይንህ ነው፣ ወይ ጭንቅላትህ ነው። ጠጠሯን ብትስት ነገ ትለማመድና ትቀልባታለህ። አንድ የእንግሊዝ ክለብ በ90ኛው ደቂቃ ጎል ይግባበት አይግባበት በምን ትለማመዳለህ? አንተ ሐዋሳ ላይ ባጃጅ ትነዳለህ፤ እሱ ማንቸስተር ላይ ይሮጣል፤ መሐል ላይ የቀን ገቢህን የሚወስድ ሦስተኛ ሰው ቁጭ ብሏል። በየከተማችን ውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ወረቀት ይዘው የሚቆሙትን ወጣቶች ሳይ የምናደደው በእነሱ አይደለም። ከውርርዱ የተሻለ ምን አቀረብንላቸው? ልብ የሚሰቅል ነገር ፈለጉ፣ ያቀረበላቸው ያ ሆነ። ዋሪዮዌርም ልብ ይሰቅላል፤ ቅልልቦሽም ይሰቅላል፤ ኪስ ግን አይገቡም።

ስለዚህ ጌም እንሥራ የምል ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይማልልኝ፦ ጨዋታው ውስጥ የሚያስይዙት ገንዘብ አይኑር። ከዚህ በታች አልደራደርም።

«ታዲያ እኔ ምን ልጫወት?» አለኝ ባለ ባጃጁ።

«አደባባዩን ስትዞር እንቁላል የጫነች ተሳፋሪ ኋላ ተቀምጣለች። ስልክህን እንደ መሪ ይዘህ ታዞራለህ። አምስት ሰከንድ። አንድ እንቁላል እንዳይሰበር።»

«ይሄንማ በየቀኑ ነው የምሠራው!»

«አየህ? ሻምፒዮን ነህ፤ የነገረህ ሰው የለም እንጂ።»

*

የስልክ ነገር ከተነሳ ዘንድ፣ የአንዲት እህቴ ጥያቄ ተገቢ ነው፦ «ልጄ ሲወዘውዘው ቢወረውረውስ? የስልክ ዋጋ ታውቃለህ?»

ፍርሃቷ ከባዶ አልመጣም። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ዊ የተባለውን መጫወቻ ሲያወጣ ሰዉ መቆጣጠሪያውን እያወዛወዘ ቴሌቪዥን ላይ ወረወረው፤ ከእጅ አንጓ ጋር የሚያስረው ክርም እየተበጠሰ አስቸገረ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ድርጅቱ 3.2 ሚሊዮን የአንጓ ማሰሪያ ክር በጠንካራ ልቀይር አለ። ስለዚህ ለእኛ ስልክ የሚሠራ ጌም ውርወራና ዝላይ አይጠይቅም። ማዘንበል፣ ማዞር፣ ቀስ አድርጎ መነቅነቅ ይበቃዋል። በሁለት እጅ ጨብጦ።

*

ቁም ነገሩ ያለው ከተመራቂው ጋር የተነጋገርነው ላይ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሯል፤ ሥራ እየፈለገ ነው፤ ንግግሩ ስለታም ነው።

«ጋሼ፣ ጥሩ ይመኛሉ። ግን ዋሪዮዌር ትዊስትድ ካርትሪጁ ውስጥ ጋይሮስኮፕ አለው። እዚህ አብዛኛው ሰው የያዘው ርካሽ ስልክ ጋይሮስኮፕ የለውም። አለቀ።»

«አላለቀም። ስልክህን ስታጋድመው ስክሪኑ አብሮህ ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«በምን አወቀ?»

«አክስሌሮሜትር አለዋ!»

«እኔም እሱን ነው የምልህ።»

አንባቢዬ፣ ልዩነቱ ይህ ነው። አክስሌሮሜትር የመሬትን ስበት ይሰማል፤ ስለዚህ ስልኩ ወደየት እንዳዘነበለ ያውቃል። ጋይሮስኮፕ ደግሞ ስልኩ በምን ፍጥነት እየዞረ እንደሆነ ያውቃል፤ ውስጡ ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥ ጥቃቅን አካል አለ፤ ዕቃው ሲዞር ያ ንቅጥቃጤ ወደ ጎን ይገፋል፣ የተገፋው መጠን ይለካል። ርካሹ ስልክ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ ነው ያለው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመህ እንደ ሳህን ብታሽከረክረው አክስሌሮሜትሩ ምንም አይሰማም፤ ስበቱ የሚመጣው ከዚያው ከታች ነውና። ስልኩን አቁመህ ብታዞረው ግን ስበቱ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከሥር ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ ያውቀዋል።

«ስለዚህ?» አለኝ ተመራቂው፤ ዓይኑ መብራት ጀምሯል።

«ስለዚህ ተጫዋቹን ‹አቁመህ ያዝ› በለዋ! እዚያው ተፈታ። አሁን የእናትህን ቤት አስብ። እናትህ ምን ታዞራለች? ምን ታዘነብላለች?»

«ጀበና።»

«ማዘንበል። ለአክስሌሮሜትር የተፈጠረ።»

«እንጀራ ስትጋግር ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሐል ታገባዋለች።»

«ስልኩን በየአቅጣጫው ተራ በተራ ማዘንበል። ይሆናል። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ከቀረ ተሸነፍክ።»

«አያቴ እንዝርት ታሾራለች።»

«ይሄ ነው ጋይሮስኮፕ የሚፈልገው። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሽታ ስትለቃት የምትሽከረከርበት ፍጥነት ነው ፈትሉን የሚያከረው፤ ከዘገየች ክሩ ይላላል፣ ከበዛ ይበጠሳል። ጋይሮስኮፕ ላለው ስልክ ያን ጨምር፤ ለሌለው ደግሞ ሰፌዱን ስጠው፣ ጤፍ ያንፍስበት። ቡና መቁላቱንም አትርሳ፤ ምጣዱን ካልነቀነቅከው ያርርብሃል።»

አስተውላችሁ እንደሆን የእናቶቻችን ሥራ ግማሹ የአንጓ ሥራ ነው። ማንም ለክቶት አያውቅም፤ ማንም ነጥብ ሰጥቶት አያውቅም። አንድ ጌም መጥቶ «ይኼ ከባድ ነው፣ ሞክረው» ቢል፣ አንድ ሲኒ ሳይደፋ መቅዳት ያቃተው ጎረምሳ እናቱን ቀና ብሎ ያያታል። ስለ ጌም የምከራከረው በዋናነት ለዚህች ቅጽበት ብዬ ነው።

ተመራቂው ግን ገና አልጨረሰም። «ርካሽ ዕቃ ላይ የተሠራ ነገር ርካሽ ነው የሚሆነው።»

«ጉንፔይ ዮኮይን ታውቀዋለህ?»

አያውቀውም። የኒንቴንዶ ሰው ነበር። ባቡር ላይ አንድ ሠራተኛ የካልኩሌተር ቁልፍ እየነካካ ጊዜውን ሲያሳልፍ አይቶ ሐሳብ መጣለት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የካልኩሌተርን ርካሽ ስክሪን ይዞ ጌም ኤንድ ዎች የተባለውን የኪስ መጫወቻ አወጣ። በ1989 የወጣው ጌም ቦይም የሱ እጅ አለበት፤ ተፎካካሪዎቹ ባለ ቀለም ስክሪን ሲያወጡ ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም፤ ግን ባትሪው ይበረክታል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ገበያውንም ወሰደ። የዮኮይ እምነት ሰው ሁሉ የለመደውን፣ የረከሰውን ቴክኖሎጂ ማንም ባላሰበው መንገድ መጠቀም ነበር። ዋሪዮዌር ትዊስትድ የተሠራበት ጌም ቦይ አድቫንስም ፍጥነቱ 16.78 ሜጋኸርዝ፣ ስክሪኑ 240 በ160 ነጥብ ብቻ ነው። ዛሬ አረብ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ከተደረደሩት ስማርት ስልኮች በጣም ደካማው እንኳን ይበልጠዋል።

«እሺ፣ ማን ይሠራዋል? እኛ ስቱዲዮ የለንም፣ ገንዘብ የለንም።»

«ቴምፕል ረን ተጫውተሃል?»

«ያልተጫወተ አለ እንዴ!»

«ሳንቲሙን ለመልቀም ስልክህን ወደ ጎን ታጋድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ያን ያወጡት ባልና ሚስት ናቸው፣ ከአንድ ሠዓሊ ጋር። አዲስ አበባ ደግሞ ቅኔ ጌምስ ኩኩሉን ሠርቷል፤ ዶሮዋ ከሚያሳድዳት ስትሮጥ። ገበጣንም ስልክ ላይ አምጥቶታል። እነሱ ሲጀምሩ ማን መንገድ ጠረገላቸው?»

«እነሱ አዲስ አበባ ናቸው።»

«አንተ ደግሞ ሐዋሳ ነህ፤ ዩኒቨርሲቲው እዚህ፣ ሐይቁ እዚህ፣ አሞራ ገደል እዚህ። ጎዶት የሚባል የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል፤ አንድሮይድ ላይ ይሠራል፣ አክስሌሮሜትሩን በአንድ መስመር ኮድ ታነባለህ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ደግሞ የአንድሮይድ ትምህርቱን በነፃ ይሰጣል። ሌላ ምን ቀረህ?»

«ኢንተርኔት ውድ ነው። ማን ያወርደዋል?»

«አምስት ሰከንድ ጌም ትልቅ ፋይል አይሆንም። በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ይህ ደግሞ ለእኛ ግዴታ ነው።»

«ቋንቋውስ?»

ይህን ሲጠይቀኝ ልስመው ነበር። አብዛኛው ጌም እንግሊዝኛ ያስነብብሃል፤ ንግግር አለው፣ ታሪክ አለው፣ መመሪያ አለው። እንዲህ ያለው ጌም ግን አንድ ቃል ነው፦ «ቅዳ!» «ቅለብ!» «አንፍስ!» አንድ ቃል በአማርኛ መጻፍ ቀላል ነው፤ በሲዳምኛም ቀላል ነው፤ በወላይትኛም ቀላል ነው። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ግቢ ሦስቱም ይነገራሉ። ልጁ በፈለገው ቋንቋ ይታዘዝ። ከቋንቋው ጋር በዓሉም ሊገባ ይችላል፦ የሲዳማ በዓል የሆነው ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በጨምበላላ ዕለት ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ይበላሉ። በየበሩ ደርሶ ሰላም ማለት፣ የቀረበውን ሳያፈሱ መቀበል፤ ይህን ጌም ማድረግ ይቻላል፤ ግን ከሲዳማ አባቶች ጋር ቁጭ ብሎ፣ ምኑ ለጨዋታ እንደሚሆን ምኑ እንደማይሆን ጠይቆ ነው። በዓሉን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ጌም ግን አልችልም።»

«ሁለት መቶ ማን አለህ? አንድ።»

«ከየት ልጀምር?»

«ከጀበናው። ስልኩን ወደ ጎን ይዘህ ቀስ አድርገህ ታዘነብላለህ። ቡናው ቀጥኖ ይወርዳል። ከፈጠንክ ዝቃጩ አብሮ ይመጣል፤ ከዘገየህ አምስቱ ሰከንድ አልቆ ሲኒው ጎዶሎ ይቀራል። ሌላ ምንም አትጨምርበት። ሙዚቃም አያስፈልገው፤ ሲኒ ሲነካካ የሚሰማውን ድምፅ በራስህ ስልክ ቅዳው።»

«ማን ይፈትነዋል?»

«እናትህ። ‹ቡና እንዲህ አይቀዳም› ካለችህ ኮዱን አጥፍተህ እንደገና ጻፍ።»

«እሷ በመጀመሪያው ካለፈችውስ?»

«ፍጥነቱን ጨምርባት!»